ጥርስ በሌለው የመንጋጋ አጥንት ላይ «ከሁለተኛው ፕሪሞላር በታች» የት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ2ኛ ዓመት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ። አናቶሚ ላብ ውስጥ ለቡድናችን የደረሰን የታችኛው መንጋጋ አጥንት አንድም ጥርስ የለውም። መጽሐፉ ደግሞ ሁሉን ነገር በጥርስ ነው የሚናገረው፤ ሜንታል ፎራመን (ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳ) ከሁለተኛው ፕሪሞላር (ከክራንቻ ኋላ ካሉት ሁለት ጥርሶች ሁለተኛው) በታች፣ ይኼ ከሦስተኛው መንጋጋ ኋላ እያለ ይሄዳል። ጥርስ ከሌለ እንዴት ነው የምናገኘው? ጥርስ የሚወልቅ ነገር ሆኖ ሳለስ ለምን ምልክት ተደረገ? በአንድ በኩል ደግሞ ሁለት ቀዳዳ አይተን ስንከራከር ውለናል።»

እህቴ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ተማሪ ይህን ሳይጠይቅ ሸምድዶ ያልፍና ከዓመታት በኋላ መርፌ ይዞ ሰው ፊት ሲቆም ነው ትዝ የሚለው። ፒያሳ አካባቢ ጥርስ ሳክም ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ በመሀል አናቶሚም አስተምሬአለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ላካፍልሽ።

አሁን ላብ ውስጥ ቶሎ የሚጠቅምሽን ላስቀድም። አጥንቱን ብርሃን ወዳለበት አምጪና የላይኛውን ጠርዙን እዪ። «ጥርስ የለውም» ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ጥርሶቹ የወለቁት ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ አጥንቱ ሲጸዳ ወይም ለዓመታት ከተማሪ እጅ ወደ ተማሪ እጅ ሲተላለፍ ከሆነ፣ ጉድጓዶቹ ክፍት ናቸው፤ ጠርዛቸው ስል ነው፤ ጣትሽን ስታስኬጂበት ይቧጭርሻል። በሕይወት እያለ የተነቀሉ ከሆነ ግን ጉድጓዱ በአጥንት ተሞልቶ ጠርዙ ለስልሶ ታገኚዋለሽ። የመጀመሪያው ከሆነ አትቸገሪም፤ ጥርሱ ባይኖር ቤቱ አለ። ከመሀል ጀምረሽ ቁጠሪ። መጀመሪያ ከጎን ጠበብ ያሉ ሁለት የፊት ጥርስ ጉድጓዶች፣ ቀጥሎ አንድ ጥልቅ የክራንቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ክብ ክብ የፕሪሞላር ጉድጓዶች ታገኚያለሽ። ከእነሱ ኋላ መሀላቸው ላይ የአጥንት ግድግዳ ያላቸው ድርብ ጉድጓዶች ይጀምራሉ፤ እነሱ ሁለት ሥር ያላቸው የመንጋጋ ጥርሶች ቤት ናቸው። ከመጀመሪያው ድርብ በፊት ያለው የመጨረሻው ነጠላ ጉድጓድ የሁለተኛው ፕሪሞላር ነው። ከእሱ ቁልቁል ውረጂ።

ጠርዙ ለስልሶ ካገኘሽው ግን ነገሩ ሰፋ ይላል፤ የሚቀጥለውን በትዕግሥት አንብቢ።

በቅድሚያ ቃላቱን እናጥራ። በአማርኛ «መንጋጋ» አጥንቱም ነው፣ ከኋላ ያሉት ትላልቅ ጥርሶችም ናቸው። «መንጋጋዬን አመመኝ» ብሎ የሚመጣ ታካሚ በጣቱ እስኪያሳየኝ ድረስ የቱን እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ላይ «የመንጋጋ አጥንት» እና «መንጋጋ ጥርስ» እያልኩ እለያቸዋለሁ። መጨረሻ የሚበቅለውን ሦስተኛውን መንጋጋ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሁላችንም እንደምንለው ዊዝደም እለዋለሁ። «ሜንታል» የሚለውም አያሳስትሽ፤ ከአእምሮ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሜንቱም በላቲን አገጭ ነው፤ ሜንታል ፎራመን የአገጭ ቀዳዳ ማለት ነው።

ጥርስ ለምን ምልክት ሆነ? ስለሚታይ ነው። አንቺ ላብ ውስጥ አጥንቱን እርቃኑን ይዘሽ እያገላበጥሽ ታይዋለሽ። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ግን አጥንቱ በድድ፣ በጉንጭና በጡንቻ ተሸፍኗል። ለታችኛው ጥርስና ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የሚሄድበት ቦይ፣ የሚወጣበት ቀዳዳ (ሜንታል ፎራመን)፣ አንዱም አይታይም። ከራስ ቅል ጠጣር ክፍሎች መካከል ምንም ሳይሸፍነው ለዓይን የሚገለጠው ጥርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከምናየው ተነስተን የማናየውን እንፈልጋለን። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስንጠቁም መቼ የቤት ቁጥር እንናገራለን? «ጊዮርጊስን በቀኝ ትተሽ ቁልቁል ውረጂ» ነው የምንለው። የጥርስ ሐኪምም «ከ45 (ከታችኛው ቀኝ ሁለተኛ ፕሪሞላር) በታች፣ ትንሽ ወደ ኋላ» ሲል ባልደረባው ቦታውን ሳይሳሳት ያገኘዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። የታችኛው መንጋጋ አጥንት እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ስለሆነ «ፊት»ና «ጎን» የሚሉት ቃላት ቦታ ይቀያይራሉ። የፊት ጥርስ ዘንድ «ወደ ጎን» የነበረው መንጋጋ ጥርስ ዘንድ ስትደርሺ «ወደ ኋላ» ሆኖ ይቆይሻል። ሜዚያልና ዲስታል የምንለው ለዚህ ነው። በጥርሶቹ ሰልፍ ላይ ወደ መካከለኛው መስመር የሚያቀርበው ሜዚያል፣ የሚያርቀው ዲስታል ይባላል። አቅጣጫዎቹ ራሳቸው ከጥርሱ ሰልፍ የተወለዱ ናቸው።

ነገር ግን የጥርስ አድራሻ የሚሠራው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ ጥርሱ የትኛው መሆኑን ስታውቂ፣ ጥርሱ ከወለቀም በኋላ አጥንቱ ምን እንደሆነ ስታውቂ። መጻሕፍቱ ሁለቱም የተሟሉ አድርገው ነው የሚጽፉት። እኛ የምንሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

መቁጠር ቀላል ይመስላል። በሁለት አኃዝ አቆጣጠር የታችኛው ግራ ከ31 እስከ 38፣ የታችኛው ቀኝ ከ41 እስከ 48 ነው፤ ሁለተኛው አኃዝ ከመሀል ሲቆጠር የጥርሱ ተራ ነው፣ 4 እና 5 ፕሪሞላሮች፣ 6፣ 7 እና 8 መንጋጋ ጥርሶች፤ የሕፃን ጥርስ ሲሆን ከ71 እስከ 75 እና ከ81 እስከ 85። ችግሩ የሰው አፍ እንደ መጽሐፍ ሥዕል ተሟልቶ አለመገኘቱ ነው። የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ 6 ዓመት ገደማ ላይ ይወጣል። በቦታው ምንም የሕፃን ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል ብዙ ወላጆች የሕፃን ጥርስ ይመስላቸዋል፤ «ይወልቃል» ብለው ይተዉታል። ቶሎ ተበልቶ ቶሎ የሚነቀለውም እሱ ነው። ከተነቀለ በኋላ ሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ ወደ ፊት ተንሸራቶና ዘሞ ክፍተቱን ይይዛል። ከ10 ዓመት በኋላ ያን አፍ ስታዪ ከፕሪሞላሩ ቀጥሎ ትልቅ ጥርስ ቆሟል፤ 36 ብለሽ ትጽፊያለሽ።

እኔም ጽፌአለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የታክሲ ረዳት ልጅ መጣ። የግራ ታችኛው ጥርሱ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ከመንጋጋ አጥንቱ በታች አንገቱ ላይ አብጧል። ካርዱ ላይ 36 ብዬ ጻፍኩ። ጓንቴን አድርጌ የአፉን ወለል በጣቴ ስዳስስ ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ። ከ36 ሥር የወጣ መግል በምላስ በኩል አጥንቱን ሲሰብር ብዙውን ጊዜ የሚጠራቀመው ከምላስ በታች ነው። የልጁ ምላስ ግን በቦታው ነበር፤ የአፉ ወለልም ለስላሳ ነበር። እብጠቱ ያለው ከታች፣ በአንገት በኩል ብቻ ነው። ራጅ አስነሳሁት። ጥርሱ ወደ ፊት የዘመመ 37 ሆኖ ተገኘ። ስጠይቀው፣ በልጅነቱ አንድ ጥርስ ክፍለ ሀገር እንደተነቀለለት አስታወሰ። ቁጥሩን አርሜ ጻፍኩ፤ እብጠቱና አናቶሚው ተስማሙ።

ስለዚህ በቁጥር ብቻ አትተማመኚ፤ የጥርሱን መልክ እዪ። የታችኛው 6 አብዛኛውን ጊዜ 5 ጉብታ አለው፤ 7 ደግሞ 4 ጉብታ ኖሮት መሀሉ ላይ ያለው ጎድጎድ የመስቀል ቅርጽ ይሠራል። ለሜንታል ፎራመን ምልክት የምናደርገው የታችኛው 5 ደግሞ ራሱን ችሎ ሌላ ጉዳይ አለው፤ በተፈጥሮ ሳይበቅሉ ከሚቀሩት ጥርሶች አንዱ እሱ ነው። ሲቀር የሕፃኑ ጥርስ፣ 75 ወይም 85፣ በቦታው እስከ ጉልምስና ይቆያል፤ ሰፊ ስለሆነ መንጋጋ ጥርስ ይመስላል፤ ቆጠራሽንም በአንድ ያዛባዋል።

የዚያን ልጅ እብጠት ያስረዳኝ መስመር ምን እንደሆነ አሁን አጥንትሽ ላይ ፈልጊው። ገልብጪውና በምላስ በኩል ያለውን ገጽ እዪ። ከዊዝደሙ አካባቢ ተነስቶ ወደ ፊት እያዘቀዘቀ የሚወርድ ሸንተረር አለ፤ ማይሎሃዮይድ መስመር ይባላል። የአፍን ወለል የሚሠራው ጡንቻ የሚጣበቀው እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ይላል። በዚህ የተነሳ የ7 እና የ8 ሥሮች ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ በታች ይውላል፤ የ6 እና ከእሱ ፊት ያሉት ጥርሶች ሥር ከመስመሩ በላይ። ከጡንቻው በላይ የወጣ መግል ምላስን ወደ ላይ ያነሳል። ከጡንቻው በታች የወጣ መግል ከመንጋጋ አጥንት ሥር ገብቶ ወደ አንገት ይወርዳል።

እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ረዘም አድርጌ አቆማቸዋለሁ፤ ሰው የሚሞትበት አናቶሚ ነውና። መግሉ በሁለቱም ወገን፣ ከጡንቻው በላይም በታችም ከሞላ ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተገፍቶ የአየር መንገድን ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሪድሪሽ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 ስለገለጸው ሉድቪግስ አንጃይና ይባላል። መነሻው ብዙ ጊዜ የታችኛው 7 ወይም 8 ነው። ከተማችን ውስጥ ሰው ጥርሱን ሲያመው ቅርንፉድ ነክሶ፣ ነጭ ሽንኩርት ይዞበት፣ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሳምንት ይቆያል። ሕመሙ ጋብ ሲል «ተሻለኝ» ይላል፤ መግሉ ግን አጥንቱን ሰብሮ ወጥቶ ግፊቱ ስለቀነሰ ሊሆን ይችላል። አገጩ ሥር በሁለቱም በኩል አብጦ የጠጠረ፣ ምላሱ የተነሳ፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ትኩሳት ያለው ሰው ካየሽ ለነገ የሚባል ቀጠሮ የለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት። ይህን ለዘመድ ለጎረቤትም ንገሪ።

ወደ ሜንታል ፎራመን ልመለስ። ከፊት ወደ ኋላ ስናየው ብዙ ሰው ላይ ወይ ቀጥታ ከ5 በታች ወይ በ4 እና በ5 መካከል ነው። መጻሕፍቱ የማይስማሙት አንዱ ምክንያት የተለካው ሰው ከየት እንደሆነ ነው። አውሮፓውያን ላይ በሁለቱ መካከል መሆኑ ይበዛል፤ በአፍሪካና በእስያ በተሠሩ ብዙ ጥናቶች ደግሞ ቀጥታ ከ5 በታች መሆኑ። አልፎ አልፎ ከ6 ፊተኛ ሥር በታችም ይገኛል።

ይበልጥ ሊያሳስብሽ የሚገባው ግን ከፍታው ነው። ሲወለድ ሕፃኑ አጥንት ውስጥ ያልበቀሉት ጥርሶች አብዛኛውን ቦታ ስለያዙት ቀዳዳው ወደ ታችኛው ጠርዝ የተጠጋ ነው። ጥርሱ የተሟላ አዋቂ ላይ በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ መካከል ግድም ይውላል። ጥርሱ ከወለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይጠጋል፤ አንዳንዴ ጠርዙ ላይ ራሱ ይቀመጣል። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ስታዪ ቀዳዳው ከዓመት ዓመት ሽቅብ የወጣ ይመስልሻል። አዋቂው ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ቀዳዳው ባለበት አለ፤ የወረደው ጣሪያው ነው። ጥርስን አቅፎ የያዘው የአጥንት ክፍል የሚኖረው ለጥርሱ ስለሆነ ጥርሱ ሲሄድ እሱም እየሟሸሸ ይሄዳል። የታችኛው ጠርዝ ግን ብዙም አይነካም።

አንድ እናት ትዝ ይሉኛል፤ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደርጋሉ። «ልጄ፣ ይኼን ጥርስ አድርጌ ዳቦ ሳኝክ እስከ ከንፈሬ ይነዝረኛል» አሉኝ። ከኔ በፊት ያዩዋቸው ሰዎች ጥርሱን ሁለት ጊዜ ሞርደውላቸዋል፤ አልተሻላቸውም። ጥርሱን አወለቅሁና ድዳቸው ላይ በጠቋሚ ጣቴ ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያልኩ ተጫንኩ። ፕሪሞላሮቹ በነበሩበት ግድም ስደርስ «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብለው የታችኛውን ከንፈራቸውን ያዙ። አጥንታቸው ከመሟሸሹ የተነሳ ነርቩ ድዱ ሥር ጠርዙ ላይ ወጥቷል፤ ባኘኩ ቁጥር ሰው ሠራሹ ጥርስ ይረግጠዋል። ቦታውን ድዳቸው ላይ በማርከር ነካሁና ጥርሱን መልሼ ገጠምኩት፤ ቀለሙ የታተመበትን የውስጥ ገጽ ብቻ ጎድጎድ አድርጌ ሞረድኩት። በሳምንቱ ሲመጡ ስቀው ነው የገቡት።

እንግዲህ የለሰለሰ አጥንት ከያዝሽ ከላይ አትለኪ፤ ከታች ለኪ። 2016 ዓ.ም. ላይ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ሰፈሩን በቤቶቹ የምናውቅ ሰዎች አቅጣጫ ስንናገር የምንይዘው ያልፈረሰውን ነው፤ ጊዮርጊስን፣ ማዘጋጃ ቤትን። አጥንቱም ላይ ያልፈረሰውን ያዢ። ከመካከለኛው መስመር በውጭው ገጽ ወደ 2.5 ሴንቲሜትር ግድም ሂጂ፤ ከታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ ውጪ፤ ብዙ አዋቂ ላይ ቀዳዳውን እዚያው አካባቢ ታገኚዋለሽ። አፉም ወደ ኋላና ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። አጥንቱ ስባሪ ቢሆን እንኳ ይህ አቅጣጫ የቀኝ ይሁን የግራ ይነግርሻል። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ አንቺ አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲመለከት፣ ከዓይኑ ብሌን ቁልቁል የምታሰምሪው መስመር በዚህ ቀዳዳ አጠገብ ያልፋል።

ክሊኒክ ስትገቢ የሚጠቅምሽ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው የራጅ ነው። የቀዳዳው ጥላ 5 ሥር ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቁርጥ መግል ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ጥርስ ነርቩ የወጣበት ጊዜ አለ። ጥርሱን በቅዝቃዜ ፈትሺው፤ በሕይወት ካለ ጠርጥሪ። ከዚያ የራጁን ማዕዘን ለውጠሽ ድገሚው፤ ጥላው ከሥሩ ጫፍ ከሸሸ ቀዳዳው ነው፤ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ከሄደ ሕመም ነው። ሁለተኛው የኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ የሚተከል የሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር፣ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ነርቩ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት አልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ «ከቀዳዳው ፊት ነኝ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ሲቲ አይተሽ ነው የምትወስኚው።

ነርቩ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ማንዲቡላር ፎራመን፣ በራመሱ (ከኋላ ሽቅብ በቆመው የአጥንቱ ክፍል) የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ማደንዘዣ ስንወጋ ሲሪንጁን በተቃራኒው ወገን ፕሪሞላሮች ላይ አሳርፈን፣ መርፌውን ከታችኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ማኘኪያ ገጽ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ከፍ አድርገን እናስገባለን። ሕፃን ላይ ግን ቀዳዳው ከማኘኪያው ገጽ እኩል ወይም ዝቅ ያለ ነው። የአዋቂውን ከፍታ ሕፃን ላይ ተጠቅሜ ማደንዘዣው ያልያዘበት ቀን ነበረኝ፤ የዚያ ልጅ ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መንጋጋ ጥርስ የሌለው ሰው ላይ ደግሞ ማኘኪያ ገጽ የሚባል ነገር የለም። አውራ ጣትሽን በራመሱ ፊተኛ ጠርዝ ላይ አሳርፊ፤ ጠርዙ በጣም ገባ ያለበት ቦታ ከፍታውን ይሰጥሻል። ከዊዝደሙ በምላስ በኩል ያለውን አጥንት ስትነኪ ደግሞ የምላስ ነርቭ ከድዱ ሥር በጣም ተጠግቶ እንደሚያልፍ አትርሺ፤ ቢላዋችን ከዚያ ጥርስ ኋላ ወደ ጉንጭ የሚያዘነብለው ለእሱ ሲባል ነው።

አንድ ምልክት አሁኑኑ ራስሽ ላይ ሞክሪ። ጥርስሽን ገጥመሽ ንከሺ፤ ጉንጭሽ ላይ የሚጠጥረው ጡንቻ ማሴተር ነው። ፊተኛ ጠርዙ ከአጥንቱ ታችኛ ጠርዝ ጋር የሚገናኝበት ላይ፣ በ6 እና በ7 ትይዩ ግድም፣ ጣትሽን አሳርፊና ጥርስሽን አላልተሽ ቆይ በይ። የሚመታው የፊት ደም ቅዳ ነው።

ጥርስን ምልክት ማድረግ የሐኪሞች ብቻ ልማድ እንዳይመስልሽ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢና የታችኞቹን መንጋጋ አጥንቶች በዚህ ዓይን እዪ። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ የታችኛው መንጋጋ አጥንቷም አብሯት ነበር። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት አዋቂ ሆና እንደሞተች ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ዊዝደሟ መብቀሉ ነው። በ2005 ዓ.ም. ተመራማሪው ቻላቸው ሥዩም አፋር ውስጥ ሌዲ ገራሩ ላይ ያገኘው፣ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ግድም የሚሆነው የታችኛው መንጋጋ አጥንት ደግሞ የግራ ግማሽ ብቻ ነው፤ ጥርሶቹ በቦታቸው በመኖራቸው ግን ብዙ ነገር ተነቦበታል። ተመራማሪዎች የአጥንቱን ቁመትና ውፍረት ሲለኩ «በመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ላይ» እያሉ ነው፤ ያለዚያ የአንዱን ልኬት ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ኒያንደርታሎች (ከምድር የጠፉ የሰው ዘመዶች) ላይ ሜንታል ፎራመኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ በታች ይገኛል፤ ከዊዝደማቸው ኋላም ክፍተት አለ። አንቺ የሸመደድሽው «ከ5 በታች» የሚለው ሐረግ እዚያ ላይ የአንድ የሰው ዓይነት መለያ ይሆናል።

የተከራከራችሁበት ሁለት ቀዳዳ ይቀራል። ትልቁ፣ ወደ ኋላና ወደ ላይ የተከፈተው፣ ሜንታል ፎራመኑ ነው። ትንሹ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከነርቩ ቦይ ጋር የሚገናኝ ተጨማሪ ሜንታል ፎራመን፣ ወይ አጥንቱን የሚመግብ የደም ሥር ያለፈበት ተራ ቀዳዳ። ለመለየት ሽቦ አታስገቡ፤ የቆየ አጥንት ይሰበራል። ለስላሳ ናይሎን ክር ውሰዱና በትንሹ ቀዳዳ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ። ክሩ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ቦዩን ይዞ ከሄደ ተጨማሪ ፎራመን ነው። ሳይርቅ ከቆመ ምናልባት ተራ ነው፤ ክሩ ታጥፎም ሊሆን ስለሚችል ደግማችሁ ሞክሩ። ከዚያ የሁለቱንም ርቀት ከታችኛው ጠርዝ በሚሊሜትር ለክታችሁ የቡድናችሁ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ከእናንተ ቀጥሎ ያን አጥንት የሚረከበው ቡድን ይፈልገዋል።